መሬት ሲቀርብ ሐሳብን መቀየር

ትንሽ አውሮፕላን እንደማበርር የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሞተሩ ቢጠፋስ?»

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። «የት ላይ?»

ጥያቄውን ለመሸሽ አይደለም። ሞተር በ6,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሲጠፋና በ300 ጫማ ላይ ሲጠፋ ጉዳዩ ለየቅል ነው። አውሮፕላን ሞተሩ ስለጠፋ ብቻ ከሰማይ አይወድቅም። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን መምታት እንዳቆሙለት ብስክሌት እየወረደ መሄዱን ይቀጥላል። ሴስና 172ን የመሰለ ባለአራት መቀመጫ አውሮፕላን ነፋስ ከሌለ በየ1,000 ጫማው 1.5 የባሕር ማይል ያህል ይንሳፈፋል። ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ከ6,000 ጫማ ላይ እንግዲህ አስቡት። ሜዳ ይመረጣል። የነዳጅ መክፈቻው ይታያል፣ ሞተሩን እንደገና ለማስነሳት ይሞከራል፣ ለቁጥጥር ማማው ይነገራል። ደስ አይልም፤ ግን ጊዜ አለ።

በ500 ጫማ ላይ ያለው ጊዜ ግን ሁሉም ተደምሮ 40 ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያችም ላይ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰከንዶች ድንጋጤ ይበላቸዋል። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ ከፍታው አይደለም። የሚያሳስበኝ እዚህ ታች ነው፤ ስነሳና ሳርፍ።

የአደጋ ሪፖርት ማንበብ እወዳለሁ። ይህን ስናገር የሰው ፊት ይቀየራል፤ ለኔ ግን እንደሱ የሚያስተምር ነገር የለም። ብዙ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል። የብልሽቱ ዓይነት ይለያያል። ሞተር ይሆናል፣ በር ይሆናል፣ ነፋስ ይሆናል። አብራሪው ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ያሰበውን መተው ያቅተዋል። ሊነሳ አስቦ ነበርና መነሳቱን አይተውም። ሞተሩ ሲጠፋ ከኋላው የቀረውን መንደርደሪያ አይተውም። ሊያርፍ መጥቷልና ማረፉን አይተውም።

ከመነሳቱ ልጀምር። መንደርደሪያው ላይ ቆሞ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን እጀታ፣ ስሮትሉን፣ እስከ መጨረሻ የገፋ ሰው ሁለመናው «እንሂድ» ነው የሚለው። ጉዞው ታቅዷል። ተሳፋሪው ቀበቶውን አስሯል። ከኋላ ሌላ አውሮፕላን ተራውን እየጠበቀ ነው። በዚህ መሃል የፍጥነት መለኪያው መርፌ ንቅንቅ ባይልስ? መለኪያው የሚሠራው ፒቶ በምትባል ቀጭን ቱቦ በሚገባ አየር ነው። ያችን ቱቦ ነፍሳት ቤት ይሠሩባታል። መሸፈኛዋም ሳይነሳ ተረስቶ ያውቃል። ስለዚህ ገና መንደርደር ሲጀመር መርፌውን አይቶ «ፍጥነት አለ» ብሎ ጮክ ብሎ መናገር የሁላችንም ልማድ ነው። ከሌለ ስሮትሉን መሳብ፣ መቆም፣ ወደ ማቆሚያው መመለስ። መሬት ላይ እያሉ ፍሬን አለ፤ ከተነሱ በኋላ የለም።

ብዙ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት አንድ ልኬትም አለ። መንደርደሪያው ሲጋመስ ለመነሳት ከሚያስፈልገው ፍጥነት 70 በመቶው ካልተገኘ ማቆም ነው። ሴስና 172 በ55 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 55 የባሕር ማይል፣ ገደማ አፍንጫውን ያነሳል። እንግዲህ ግማሹ ላይ 38 ኖት ያህል መታየት አለበት። ይህ ልኬት በሞቃት ቀንና ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሕይወት ያተርፋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ፕሮፔለሩም አብረው ይደክማሉ። አውሮፕላኑ «ዛሬ አልችልም» እያለ ነው። አብራሪው ግን ትናንት የቻለውን ነው የሚያስታውሰው።

ስለ ወንበርም ልናገር። ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። የሴስና ወንበር በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መቆለፊያው በደንብ ካልያዘ አውሮፕላኑ ሲፈጥን ወይም አፍንጫው ቀና ሲል ወንበሩ አብራሪውን ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰው ሲንሸራተት ምን ይይዛል? እጁ ላይ ያለውን ነው። እጁ ላይ ያለው ደግሞ መሪው ነው። መሪው ሲሳብ አፍንጫው ይበልጥ ይቀናል፣ ፍጥነቱ ያልቃል። እንዲህ እየሆነ ሰው አልቋል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1987 የወንበር ሐዲዶቹና መቆለፊያዎቹ በየጊዜው እንዲመረመሩ አስገዳጅ መመሪያ ያወጣው ለዚህ ነው። እኔ ወንበሩን ከቆለፍኩ በኋላ ወገቤን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝወዝ አድርጌ እፈትነዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምን እየሆንኩ እንደሆነ ግራ ይገባዋል፤ ይግባው።

ቼክሊስት ራሱ እንዲህ ካለ ቀላል ነገር ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቦይንግ ሞዴል 299 የሚባል ባለአራት ሞተር አውሮፕላን ኦሃዮ ውስጥ በራይት ፊልድ ሲነሳ ተከሰከሰ። መሬት ላይ ሲቆም ነፋስ እንዳያንገላታቸው የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚቆልፈው ነገር ሳይፈታ ነበር የተነሳው። ሁለት ሰዎች ሞቱ። በመሪው የነበሩት ጀማሪዎች አልነበሩም፤ በዘመናቸው አንቱ የተባሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው አብራሪ የሚያነበው ዝርዝር በካርድ ላይ መጻፍ የተለመደው። ዛሬም በትንሿ አውሮፕላን ውስጥ «መሪው በሁሉም አቅጣጫ በነጻ ይንቀሳቀሳል» የምትል መስመር አለች። መሪውን እስከ ዳር እስከ ዳር እያዞሩ ክንፉን በዓይን ማየት ነው። ጥቂት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ተነስተናል። መንደርደሪያው ከኋላ ቀርቷል። ከፍታው 400 ጫማ። ሞተሩ ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ከደመ ነፍስ ጋር ይጣላል። አፍንጫውን ወደ ታች መግፋት ነው። መሬቱ ቅርብ ነው፤ እጅ የሚፈልገው መሳብ ነው። ነገር ግን አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና አድርጎ እየወጣ የነበረው በሞተሩ ጉልበት ነው። ጉልበቱ ሲጠፋ ፍጥነቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይሟጠጣል። ያኔ መሪውን የሳበ ሰው ስቶል ያደርጋል። ስቶል ማለት ክንፉ አየሩን ሽቅብ ከመጠን በላይ እየገጠመ ማንሳት ሲያቅተው ነው። ከ400 ጫማ ላይ ስቶል ያደረገ አውሮፕላን እንደገና የሚስተካከልበት ቦታ የለውም። የሴስና 172 ኤስ መመሪያ የክንፉ ተንቀሳቃሽ የኋላ ክፍል፣ ፍላፕ የሚባለው፣ ካልተዘረጋ 70 ኖት ያዙ ይላል። አሰልጣኜ ከፍ ብለን ስንለማመድ ስሮትሉን ሳያስጠነቅቁ ይስቡና አንድ ነገር ብቻ ይደጋግሙልኝ ነበር። «መጀመሪያ ግፋ፤ ከዚያ አስብ።»

ከገፉ በኋላ ደግሞ ፈተናው ይመጣል። መንደርደሪያው እኮ እዚያው ከኋላ ነው! ረጅም፣ ለስላሳ፣ ባዶ። አሁን ነው የለቀቅነው። ብዞርስ?

በአብራሪዎች ዘንድ ይህ መዞር «የማይቻለው መዞር» የሚል ስም አለው። ስሙ ትንሽ ተጋኗል፤ ቁጥሮቹ ግን አስደንጋጭ ናቸው። 180 ዲግሪ መዞር አይበቃም። ዞረው ሲጨርሱ ከመንደርደሪያው ጎን ነው የሚገኙት፤ እላዩ ላይ አይደለም። ወደ እሱ ለመጠጋት ተጨማሪ መዞር ያስፈልጋል። ከዚያ ለመቃናት ደግሞ በተቃራኒው ሌላ መዞር አለ። ሲደመር 270 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ቀስ ብዬ ልዙር ያለ ሰው በተለመደው በሰከንድ 3 ዲግሪ ፍጥነት ግማሹን ዙር ብቻ በአንድ ደቂቃ ነው የሚጨርሰው። ያለው 40 ሰከንድ እንኳ እንደማይሞላ አስታውሱ። ፈጥኜ ልዙር ያለ ደግሞ ክንፉን በ45 ዲግሪ ያጋድላል። ያኔ ስቶል የሚመጣበት ፍጥነት በ19 በመቶ ያድጋል። በ60 ዲግሪ ከሆነ በ41 በመቶ። ማለትም ከስቶል ለመሸሽ የነበረችው ትርፍ ፍጥነት በመዞሩ ብቻ እያለቀች ነው።

ነፋሱንም ጨምሩበት። አውሮፕላን የሚነሳው ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው። ዞሮ ሲመጣ ያው ነፋስ ከጀርባው ይገፋዋል። በ60 ኖት የሚያርፍ አውሮፕላን 10 ኖት ነፋስ ከፊት ካለው መሬትን በ50 ኖት ይነካል። ነፋሱ ከኋላ ከሆነ በ70። የ20 ኖት ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ጉልበቱ ግን በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚሰላ እጥፍ ያህል ነው።

በቀጥታ ፊት ለፊት፣ ወይም ትንሽ ግራና ቀኝ ብሎ፣ ያገኙት ላይ ማረፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «ዛፍ ቢሆንስ? አጥር ቢሆንስ?» ይላል። ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲጋጩ ውስጡ ያለውን ሰው ከመሬት ስበት ዘጠኝ እጥፍ ከሚሆን የፊት ለፊት ጫና እንዲጠብቁ ተደርገው ነው የሚሠሩት። በዚያ ልክ ወጥ በሆነ መንገድ ቢቆም፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውሮፕላን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት 3 ሜትር አይሞላም። በ160 ኪሎ ሜትር ከሆነ 11 ሜትር ከምናምን። ስለዚህ ቁጥቋጦውም፣ ሰብሉም፣ ክንፉን የሚነጥቁት ሁለት ዛፎችም ፍሬን ናቸው። መቀመጫው ያለበት ክፍል ሳይጨፈለቅ ይቁም እንጂ ክንፉ ይሂድ። አብራሪዎች «ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አውሮፕላኑ የኢንሹራንሱ ነው» ይላሉ። ንብረት ለማትረፍ ብሎ ሰውን ማጣት ስንት ጊዜ እንደሆነ ሪፖርቶቹን ያነበበ ያውቃል።

ጊዜ ከተረፈ ደግሞ የነዳጁን መክፈቻ መዝጋት፣ ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ማግኔቶ ማጥፋት፣ በሩን ገርበብ ማድረግ አለ። በሩ የሚከፈተው የአውሮፕላኑ አካል ሲጣመም እንዳይነክስ ነው። ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠፋው፤ ፍላፑ በኤሌክትሪክ ከሆነ ቀድሞ ያጠፋው ሰው ፍላፕ የለውም።

ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ያጋጠመው ይኸው ነው። በ1940ዎቹ በተሠራች ራያን አውሮፕላን ከሳንታ ሞኒካ እንደተነሳ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ልመለስ ብሎ ለማማው ተናገረ። እንደማይደርስ ሲያይ ግን መንደርደሪያውን ተወና አጠገቡ ያለ የጎልፍ ሜዳ ላይ ወረደ። ተጎዳ፤ ተረፈ። መርማሪዎች ያገኙት ምክንያት በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የምትመጥን አንዲት ትንሽ ክፍል ከቦታዋ ተፈትታ መውጣቷን ነው። እንዲህ ያለውን ማንም ከመነሳቱ በፊት ዞሮ ቢያይ አያገኘውም። በእጁ የነበረው ሐሳቡን የመቀየር ፍጥነት ብቻ ነው።

የድንጋጤን ነገር በቁጥር ያሳየው ግን ትልቅ አውሮፕላን ነው። ጥር 2009 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ወፎች ሁለቱንም ሞተር ያሳጡት ኤርባስ ኤ320 ሃድሰን ወንዝ ላይ አርፎ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ከዚያ በኋላ በሲሙሌተር፣ መሬት ላይ ሆኖ በረራን በሚያስመስል መለማመጃ፣ ሲሞከር ምን እንደሚመጣ ቀድመው ያወቁና ወዲያው የዞሩ አብራሪዎች አንዳንዶቹ መንደርደሪያ ላይ ደረሱ። ለመገንዘብና ለመወሰን 35 ሰከንድ ተጨምሮ ሲሞከር ግን አልደረሰም። ሲሙሌተር ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይደነግጥማ።

እውነቱን ለመናገር «ፈጽሞ አትዙር» የሚለውም አያሳምነኝም። በ1,000 ጫማ ላይ፣ ረጅም መንደርደሪያ ካለ፣ ነፋሱ ከጎን ከሆነ፣ ፊት ለፊት ያለው ሁሉ ሕንፃ ከሆነ መዞር ትክክል ሊሆን ይችላል። የአሜሪካው የአቪዬሽን አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር አሰልጣኞች መቼ መዞር እንደሚቻልና እንደማይቻል ለተማሪዎቻቸው እንዲያሳዩ ጠይቋል። ክርክሩ ያለው መዞር የሚቻልበት የከፍታ ቁጥር የት ይወሰን የሚለው ላይ ነው። የኔ መልስ አጭር ነው፤ መሬት ላይ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ሞተሩን ሞክሬ መንደርደሪያው አፍ ላይ ስደርስ ብቻዬን ብሆንም ጮክ ብዬ እናገራለሁ። «ከመነሳቴ በፊት ችግር ካለ አቆማለሁ። ከተነሳሁ በኋላ መንደርደሪያ ከተረፈ እሱ ላይ እመለሳለሁ። ከዚህ ቁጥር በታች ፊት ለፊት፣ በስተግራ ያለው ሜዳ ላይ። ከዚህ ቁጥር በላይ ወደ ነፋሱ እዞራለሁ።» ቁጥሩ በየቦታውና በየቀኑ ይለያያል።

ትንንሽ ድንገተኛ ነገሮችም አሉ። አንዷ በር ናት። በደንብ ያልተዘጋ በር ልክ ሲነሱ ይከፈታል። ጩኸቱ ያስደነግጣል፤ ነፋሱ ወረቀት ይበትናል። አውሮፕላኑ ግን ይበርራል። ጉዳቱ የሚመጣው አብራሪው በሩን ለመዝጋት ዞር ሲል ነው። ዙሩን ጨርሶ ማረፍ፣ መሬት ላይ መዝጋት። በቃ።

እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ማያሚ አጠገብ ረግረግ ውስጥ የገባው ከዚህም ባነሰ ነገር ነው። የፊት ጎማው መውረዱን የምታመለክት አምፖል ተቃጥላ ነበር። ሁሉም አምፖሏን ሲነካኩ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ወረደ፤ ማንም አላየም። መቶ ገደማ ሰው ሞተ። ጎማው ወርዶ ነበር።

ወደ ማረፉ ስንመጣ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው መታጠፊያ ነው። ወደ መንደርደሪያው ለመቃናት እየዞሩ ነው፤ ነፋስ ከኋላ ገፍቶ መስመሩን አሳለፋቸው እንበል። ክንፉን ይበልጥ ማጋደል ያስፈራል፤ መሬቱ ቅርብ ነው። ስለዚህ እግር ሳይታወቀው ፔዳሉን ይጫናል፤ አፍንጫው በግድ ይዞራል። የውጭው ክንፍ ይፈጥናል፣ ይነሳል። እጅ ደግሞ ያን ለመመለስ መሪውን ወደ ተቃራኒው ያዞራል። አፍንጫው ሲወርድ መሪውን ይስባል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ሲደመር ግን አውሮፕላኑ በአንድ ክንፉ ስቶል አድርጎ የሚሽከረከርበት ትክክለኛው አሠራር ነው። ከ400 ጫማ ላይ ከዚያ የሚወጣ የለም።

መድኃኒቱ መስመሩን ካለፉ ማለፉን መቀበል ነው። ስሮትሉን ገፍቶ ማረፉን ትቶ እንደገና መነሳት። ጎ-አራውንድ የምንለው ማለት ነው። አየር መንገዶችን ያጠናው ፍላይት ሴፍቲ ፋውንዴሽን በደንብ ካልተስተካከሉ አቀራረቦች መካከል ጎ-አራውንድ የሚደረግባቸው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አግኝቷል። እነዚህ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ሕጉን የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው። የኛ ዓይነቱ የእሑድ አብራሪማ ምን ይባላል?

ጎ-አራውንድም የራሱ ወጥመድ አለው። ለማረፍ የተስተካከለ አውሮፕላን ሙሉ ጉልበት ሲሰጠው አፍንጫውን በኃይል ያነሳል፣ ወደ ግራም ይጎትታል። አፍንጫውን ይዞ፣ ቀኝ ፔዳልን ተጭኖ፣ ፍላፑን በአንዴ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ መመለስ ያስፈልጋል። ይህን ሳይለማመድ ዓመታት ያለፉት ሰው ይፈራዋል። ስለሚፈራው ደግሞ መጥፎውን ማረፍ ይመርጣል። መንጠርም እንዲሁ ነው። አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ከፍ ብሎ ሲነጥር፣ በግድ ላሳርፈው ብሎ አፍንጫውን የገፋ ሰው በፊት ጎማው ይመታል፤ ከዚያ ይበልጥ ይነጥራል። ፕሮፔለር የሚታጠፈው በዚህ ዝላይ ነው። ጉልበት ጨምሮ መሄድና ዞሮ መምጣት ነጻ ነው፤ ቢያስወጣ ትንሽ ነዳጅ ነው።

ተሳፋሪ ይዞ ግን ይከብዳል። ሰው «ምን ሆነ?» ይላል። ያልተሳካልህ ይመስለዋል። አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። ይሉኝታ ደግሞ ኮክፒት ውስጥም ትገባለች።

ስለዚህ አሁን ሞተር ሳላስነሳ ከቀበቶና ከበር ማብራሪያው ጋር አንድ ነገር እጨምራለሁ። «ስናርፍ ልክ መሬት ልንነካ ስንል እንደገና ልንነሳ እንችላለን። ከሆነ የተበላሸ ነገር የለም ማለት ነው፤ ዞረን እንመጣለን። እስከዚያ አታናግሩኝ።» አብዛኛው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እንዲህ ካልኩ ወዲህ ማረፉን ስተው የሚሰማኝ ሐፍረት ጠፍቷል ለማለት አልደፍርም። ቀንሷል።